ቀና ያሉ ዐይኖች

ቀለም ሻጭዋ የሽማግሌውን ስም አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማቸውን ወልውለው፣ ከነክራቫታቸው ይመጣሉ። ከሱቋ ጥግ ባለው የደንበኞች ጠረጴዛ ላይ ሲገጣጠሙ የአንዲት የአኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን፣ ልጃገረድ ቅርጽ የሚሆኑ ሬዚን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ቁርጥራጮችን ከካርቶን ያወጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሳያጥቡ ቀብተው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ተላጠባቸው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቁራጭ ጨቅላ እንደሚያጥብ ሰው ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ያጥባሉ። ክንዷ፣ ቀሚሷ፣ ሐምራዊ ፀጉሯ ተገጣጥሞ አልቋል። የቀረው ዐይኗ ብቻ ነው፤ እሱንም አሳምረው ይስሉና መልሰው ቲነር በነካ ጥጥ ይጠርጉታል።

ዛሬ ሻጭዋ አላስቻላትም። «አባባ፣ እንዲህ አምሮልዎት ምነው አጠፉት?»

«የልጄ ናት፤ ጀምራት ነው ከቤት የወጣችው» አሉ፣ ጥጡን በጣታቸው እያፍተለተሉ። «‹በዚህ ዕድሜሽ አሻንጉሊት!› እያልኩ ቁም ስቅሏን አሳያት ነበር። ይቺ ግን ዐይኗን በሳልኩላት ቁጥር ቀና ብላ ታየኛለች። ልጄ እኔ ፊት ቀና ብላ አታውቅም።»

ብሩሻቸውን አንስተው እንደገና ጀመሩ። ሻጭዋ በትከሻቸው በኩል አየች፤ አሁንም ዐይኖቹን ሽቅብ ነው የሚስሏቸው።