በክርስትና ስም የገባ ገንዘብ

ያን ጊዜ ደባርቅ ውስጥ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። በተበላሹ የገቢ ፎርሞች ጀርባ ግጥም እየሞነጫጨርኩ አንድ ቀን ከዚህ ከተማ ውልቅ ብዬ እንደምሄድ አልም ነበር። መጀመሪያ የወጣሁት ግን እየፈራሁ ነው፤ ያውም እስከ ጎንደር።

አገሮች በወንጀል የተገኘ ገንዘብ በባንክ በኩል ሕጋዊ እንዳይመስል እርስ በርስ ይፈታተሻሉ። የኛ ባለሙያዎች ጎረቤት አገር ሄደው ይመረምራሉ፤ እነሱም በተራቸው እኛን። ተራው የኛ ደረሰ። ሥራ አስኪያጃችን ጠራኝና፣

"ከኛ አንድ ፋይል ተመርጧል። ፎርሞቹን የሞላኸው አንተ ነህ፤ ከነገ ወዲያ ይዘህ ጎንደር ትሄዳለህ" አለኝ።

ፋይሉ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ማሠሪያ ሒሳብ ነበር። ፈራሚው ፊደል ያስቆጠሩኝ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ስለት የሚያስገባ ሰው፣ በጸሎት የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ስለሆነ፣ ፎርሙም ላይ እሱኑ ያስጽፈኛል። ከተራራው፣ ከጨነቅ ካምፕ የሚወርደው በቅሎ አከራይም፣ የዳባቷ ነጋዴም እንዲሁ። እኔም መታወቂያ ሳልጠይቅ እጽፋለሁ። አሁን ፎርሞቹን ስደረድራቸው አንድ ስም አሥራ አንድ ጊዜ ተደጋግሟል። ልማዳችንን ለማያውቅ፣ አንድ ሰው ብዙ ገንዘብ ከፋፍሎ ቄሱ ጋ የደበቀ ይመስላል። ቄሱ በፖሊስ ተይዘው ሲሄዱ ታየኝ።

በማግስቱ ቄሱ መስኮቴ ጋ መጡ። ለደንበኛ እየተመረመረ መሆኑን መንገር በሕግ ክልክል ነው።

"ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለ?"

"ደህና ነኝ አባ።"

"ምን ደህና ነህ! ዳዊት ሳታጠና መጥተህ አለንጋዬን ስታይ ነበር እንዲህ የምትሆነው።" ተራ የሚጠብቁት ሳቁ።

"አባ፣ ስለት ያስገቡትን በዓለም ስማቸው ያውቋቸዋል?"

"የዓለሙን ስም ምን ላድርገው? ይልቅ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን እንገዛለን፤ ብሩን አዘጋጅልኝ።"

ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ ፎርሞች አወጣሁ። የጎረቤቶቼን ስም ጽፌ መተካት ቀላል ነበር። ሁለት ሞላሁ። ሦስተኛው ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ ቄሱ ያልሠሩትን ወንጀል እኔ እየሠራሁላቸው ነበር። ሁለቱንም ቀዳድጄ ኪሴ ከተትኩ።

በነጋታው ወደ ጎንደር ስሄድ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ፖሊስ ሚኒባሱን አስቁሞ ጆንያ ለጆንያ ሲፈትሽ፣ ብጥስጣሹ ኪሴ ውስጥ የሚጮህ መሰለኝ። ኮሶዬ ስንደርስ በመስኮት በተንኩት።

ጎንደር የጠበቀችኝ መርማሪ የጎረቤት አገር ሴት ናት፤ የምታናግረኝ በአስተርጓሚ ነው። የተደጋገመው ስም ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"ይህ ሰው ማነው?"

"አሥራ አንድ ሰው ነው።"

አስተርጓሚው፣ "ወንድሜ፣ እዚህ ቀልድ የለም" አለኝ።

"አልቀለድኩም። የክርስትና ስም ነው፤ ብዙ ሰው ይጋራዋል። መታወቂያ አልጠየቅሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ የቄሱ አይደለም።"

ሴትየዋ ረጅም ጻፈች። ከዚያ፣ "እኔ የምመረምረው አገርን ነው፤ ሰው አልከስም። ግን መታወቂያቸውን ካላየህ አሥራ አንድ መሆናቸውን በምን አወቅህ?" አለች።

ፎርሞቹን መልሼ አገላበጥኩ።

ገንዘቡ ባለቤቶቹ መታወቂያ ይዘው እስኪያረጋግጡ ታገደ። ቄሱ ተቆጡኝ፤ ቢሆንም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናገሩ። እኔም ቤት ለቤት ዞርኩ። ዘጠኙ እያጉረመረሙ መጡ፣ የእነሱ ተለቀቀ፤ ቆርቆሮው ግን ለግማሹ ጣሪያ ብቻ በቃ።

ሁለቱ አልመጡም፤ መልካቸውም ትዝ አላለኝም። ከሁሉ የሚበልጠው ገንዘብ የእነሱ ነበር። ቄሱን፣ "አባ፣ እነማን ነበሩ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኔማ አንተ የምታውቃቸው መስሎኝ" አሉ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።