ባቡሩን የነጠቀኝ ሰው

ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ውስጥ ሞባይልና አምፕሊፋየር የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ኮሮና ከተማዋን ቆልፋ ከከፈተቻት በኋላ ግን ከሥራዬ ሁሉ የምወደው አንድ ትንሽ ባቡር ሆነ። ባለቤቱ ኮሎሎ ሰፈር ሴት ልጃቸው ቤት የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። በጉልምስናቸው ድሬዳዋ ባቡር ነድተዋል፤ ሚስታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ካምፓላ አመጣቻቸው። ጀርመን ያለው ወንድ ልጃቸው እንዳይከፋቸው ብሎ ሎኮሞቲቩን ከነሐዲዱ ላከላቸው። እሳቸውም ሳሎኑን የሞላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጣቢያና ድልድይ፣ ዋሻም ሠሩለት። መጫወቻ ነው ያለ ሰው ሁለተኛ ያን ቤት አይረግጥም።

ባቡሩ ዲጂታል ነው። ኤሌክትሪኩም ትእዛዙም በዚያው በሐዲዱ ይሄዳል፤ በሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ ያለች ጥፍር የምታክል ቦርድ ትእዛዙን እያነበበች ሂድ ሲሉት ታስኬደዋለች፣ ቁም ሲሉት ታቆመዋለች። ችግሩ ሳይታዘዝም መቆሙ ነው። ከአዛውንቱ ወንበር ፊት ያለችው ኩርባ ላይ ሲደርስ ይንገጫገጫል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ድርቅ። ያኔ ነው እኔ በቦዳ ሞተር እየከነፍኩ የምደርሰው።

«ና እስቲ ልጄ፣ ደግሞ አኩርፏል» ይሉኛል። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ግን መብላት ግዴታ ነው። እዚያው የባቡሩ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ጨጨብሳ ይቀርባል፤ ያጎርሱኛል፤ በዚያው እጃቸው ሎኮሞቲቩን አንስተው «ስማው» እያሉ ጆሮዬ ላይ ይደቅኑታል። እኔ የቦርዱን ማስተካከያ ቁጥሮች እንደ አዲስ እሞላለሁ፣ ከሐዲዱ ሥር ተጨማሪ ሽቦ እበይዳለሁ። በሜትር ስለካው ኤሌክትሪኩ ሙሉ ነው። ለጥቂት ቀን ይሄድና ተመልሶ ይቆማል። እውነቱን ለመናገር መቆሙ ብዙም አይከፋኝም ነበር። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ በዚያ ከተማ «ልጄ» የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ያለ አንተ ማን አለኝ» ያሉኝ ቀን ካባላጋላ እስክገባ ጥርሴ አይከደንም።

በቅበላ ሰሞን ሰውዬው መጣ። ናኪቩቦ ገበያ ሶላርና ኢንቨርተር የሚሸጥ የጅማ ሰው ነው፤ የቤቱን ኢንቨርተር ሊገጥም ተጠርቶ ባቡሩን ቆሞ አገኘው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ነው። ምን እንዳደረገው እንጃ፣ አስነሣው። ጾሙ ገባ፣ ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላውም ተከተለ፤ ባቡሩ አልቆመም።

እኔ ስልኬን አያለሁ፣ አይጠራም። ሲብስብኝ ሰላም ልበላቸው ብዬ ሄድኩ። ሰውዬው እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«እጁ የተባረከ ነው!» አሉኝ። «ነካ አደረገው፣ አለቀ። አይደለም እንዴ ልጄ?»

«ልጄ» ያሉት እሱን ነው። እኔ ፊት! ቅናቱ እንደ ቃር ደረቴ ላይ ቆመ። ኢንቨርተሩ ቢቃጠል፣ ሸሚዙ ላይ ወጥ ቢደፋ፣ ምን የማልመኝለት ነገር ነበር!

ፋሲካ ሲቃረብ ጎረቤቴ የሆነች ባለ ምግብ ቤት የቴሌቪዥኗን ሪሞት አመጣችልኝ። ቁልፎቹ አልታዘዝ ብለዋል። ስከፍተው ውስጡ ቅቤ በቅቤ ነው። እየጠረግኩ ሳለ እጄ ቀጥ አለ። ጨጨብሳው! ሐዲዱ ላይ ያለው የእጃቸው ቅቤ ነው ትእዛዙን የሚያቋርጠው። ሜትሬ ሁሌ ሙሉ የሚያሳየኝ ሹል ጫፉ ቅቤውን በስቶ ስለሚገባ ነው። በጾሙ ደግሞ ቅቤ አይቀርብም፤ አዛውንቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ባቡሩን የሚነዱት ጠዋት፣ በንጹሕ እጃቸው ነው። ስለዚህ ባቡሩን ያስኬደው ጾሙ ነው፣ የዚያ ሰውዬ እጅ ምንም አልሠራም!

ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ልደውልላቸው ስልኬን አነሣሁና ተውኩት። የለም፤ ፋሲካ ይምጣ፣ ዶሮው ይቅረብ፣ ባቡሩም ሰውዬው ፊት ይቁም። ያኔ እናገራለሁ።

የፋሲካ ለት ሁለታችንም ተጋበዝን። በዚያ ዓመት ረመዳንና ፋሲካ ገጥመው ስለነበር እሱ ጾመኛ ነው፤ ለማፍጠሪያው ዓሣ ለብቻው ተጠብሶ ተሸፍኖለታል። ዓሣውም አናደደኝ። ጉርሻው ሁሉ ለእኔ ሆነ፤ እየጎረስኩ ዓይኔ የአዛውንቱ እጅ ላይ ነው። በሶፍት ጠረግ አደረጉና ሎኮሞቲቩን አንስተው ሐዲዱ ላይ አኖሩት። አንድ ዙር ሄደ። ተመልሶ ኩርባዋ ላይ ሲደርስ መብራቱ ብልጭ አለ፣ ተንገጫገጨ፣ ቆመ። ልቤ በደስታ ዘለለች። አፌን ስከፍት ጀርመን ያለው ልጃቸው ደወለና ስልኩን ይዘው በረንዳ ወጡ።

ሰውዬው ብድግ አለ። ከአንዱ ኪሱ ጨርቅ፣ ከሌላው ያን ጊዜ ሁላችንም ይዘነው የምንዞረውን ሳኒታይዘር አወጣና ኩርባዋንም የሎኮሞቲቩን ጎማዎችም ጠራረጋቸው። እጁ የለመደ ነው።

«ቅቤ መሆኑን ታውቃለህ?» አልኩት።

«የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?»

«ምን ብዬ ወንድሜ? እሳቸው የባቡር ሰው ናቸው። ሐዲዱን የሚያበላሸው የእሳቸው እጅ መሆኑን ካወቁ ሁለተኛ እዚህ ምግብ አያስቀርቡም። ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሌላ ቦታ ተቀምጠው አይበላላቸውም። ባቡሩን እያዩ ነው እህል የሚቀምሱት። እኔ ኢንቨርተሩን ልይ ብዬ ብቅ እላለሁ፣ እጠርገዋለሁ፣ በቃ።»

ልጃቸው ለእኔ ያልነገረችኝን ለእሱ መንገሯ ራሱ ሌላ ቃጠሎ ነው።

አዛውንቱ ሲመለሱ ባቡሩ ኩርባዋን አልፎ ወደ ዋሻው እየገባ ነበር። እጃቸውን የሰውዬው ትከሻ ላይ ጣል አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«አየህልኝ? አንተ ያን ሁሉ ደከምክ፣ ይሄ ግን በእጁ ነካ ሲያደርገው ይሰማዋል። ለመሆኑ አንተ ምክንያቱን ደርሰህበታል?»

ሰውዬው ዓይኑን ከባቡሩ አልነቀለም። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«አይ አባባ» አልኩ። «አልደረስኩበትም። የእሱ እጅ ነው።»

«አይዞህ፣ አንተም ትለምደዋለህ» ብለው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉልኝ። በቅናት እየነደድኩ ዋጥኩት።