ሲዞር ይጮኻል

አባቴ የመኪና ድምፅ እንደ ሰው አመል ነበር የሚያውቀው። ከአንገር ጉቲን ነቀምቴ እህልና ሰው በሚያመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ውስጥ ወሬ እየሰማ ድንገት ጣቱን ያነሣል፤ ሁላችንም ጸጥ እንላለን። «ኩሽኔታ ነው» ይላል። ሲፈታ ኩሽኔታ ሆኖ ይገኛል።

ነቀምቴ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ከእረፍት ወደ ሥራዬ ሲመልሰኝ ከእግራችን ሥር ኡኡ የሚል ድምፅ ነበር። ፍጥነት ስንጨምር ይብሳል፣ መቀመጫውም ይንቀጠቀጣል። አባቴ ግን ጣቱን አላነሣም። ትዕግሥት የሚባል ነገር የለኝምና «አባ፣ ይጮኻል እኮ!» አልኩት።

«መቼ?»

«ሲዞር!»

ጎማው ሲዞር ማለቴ ነበር። እሱ መኪናዋ ስትታጠፍ መሰለው። ጋራዥ ደርሰን ያንኑ ለመካኒኩ ነገረው። መካኒኩ «አካም ጂርቱ ኦቦ» ብሎ በሁለት እጁ የሚቀበለው፣ ቃሉን የማይጠራጠር ሰው ነው። ነድቶ እንኳ ሳይሞክር፣ ሲታጠፉ የሚጮኸው የፊት መጋጠሚያ ነው ብሎ እሱን ፈታ። ግማሽ ቀን ፈጀ። ቀይሮ ሲሞክራት ኡኡታው እንዳለ ነው።

ተመልሶ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ። «ባርሲስቱ» አለኝ፤ መምህርት ማለቱ ነው። «ቀጥ ብላ ስትሄድም ትጮኻለች። ኦቦ ይሄን አልሰሙትም እንዴ?»

ዞሬ አባቴን አየሁት። ከኋላው ስንት ሰው ጭኖ ነው የሚነዳው! ደግሞስ መሪ ካልያዘ ምን ሊሆን ነው?

ስንንሾካሾክ አይቶ ገባው። ጫማውን አወለቀና መካኒኩን «አንተ ንዳ» አለው። እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። አስፋልቱ ላይ ስንፈጥን ማርሹን አስወጥቶ ፎሌ አስደረገው። ወለሉን በባዶ እግሩ ረግጦ ጥቂት ቆየና «ሞተሩም ካምቢዮውም አይደለም። ከኋላ ነው፣ በግራ» አለ። ሲፈታ የኋላው የግራ ጎማ ኩሽኔታ ተበልቶ አልቋል።

«ታዲያ ጆሮ ምን ያደርግልሃል!» ብዬ አቀፍኩት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

እሱ ግን አልሳቀም። «ለመኪናዋ እግሬ ይበቃል» አለኝ። «በቀደም ልጅ ያዘለች ሴት ጣሪያውን እየደበደበች ‹ወራጅ! ወራጅ!› ስትል አልሰማኋትም። ቀጣዩ መንደር ስቆም ነው ያወቅሁት። በዝናብ በእግሯ ተመለሰች።»

ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠና ዞሮ ሁልጊዜ እኔ በምቀመጥበት በኩል ገባ።

እሱ ራሱ ነው መንዳት ያስተማረኝ፤ ማርሽ ግን ዛሬም አይሆንልኝም። ከጋራዡ ስንወጣ ክፉኛ አንገጫገጭኩት፤ መካኒኩ እንኳ ከሩቅ ዞሮ አየኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ገደልሻት እኮ አንቺ ልጅ!» ብሎ ያምባርቅብኝ ነበር። አባቴ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል። ምነው በተቆጣኝ ብዬ አለቀስኩ።