ግሊሰሪን ለወንድሜ

ባለፈው ሳምንት ፋርማሲ ውስጥ አንዲት ልጅ የግሊሰሪን ጠርሙስ ስትዘቀዝቅ አየሁ። ውስጡ የነበረችው አረፋ ቀስ ብላ፣ እየተጎተተች ወደ ላይ ወጣች። እሷን እያየሁ ሳላስበው በሐሳብ ያደግኩባት ቆቦ ገባሁ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ሁለተኛ ደረጃ ይማር ነበር። ለውትድርና አፈሳ ሲጀመር፣ እናታችን የስፌት ቀለም በምታስቀምጥበት ጓዳ ደበቀችው። ገበያ አውጥታ የምትሸጠው ቀለሙን ነበር፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ ዱቄት። ጓዳው በቀን እንደ ምድጃ ይግላል፤ የቀለሙ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ብርሃን የሚገባው ቆርቆሮው ላይ በነበረች የምስማር ቀዳዳ ብቻ ነበር። ለጠየቀን ሁሉ፣ "ሮቢት ከተማ፣ አጎቱ ዘንድ ሄዷል" እንል ነበር።

የኬሚስትሪ አስተማሪው የነገሩት አንድ ነገር ከአእምሮው አልወጣ ብሎ ነበር። አንዳንድ የቀለም ሞለኪውል ብርሃን ሲያርፍበት ይጠማዘዛል። ውሃ ውስጥ እንደ ልቡ ስለሚዞር የተቀበለውን ብርሃን በሙቀት ያባክነዋል፤ ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ግን መዞሪያ ያጣና ብርሃኑን መልሶ ያወጣዋል። ወንድሜ ቢጫውን በውሃ በጥብጦ በቀዳዳዋ በምትገባው ጨረር ላይ አስቀመጠው። ምንም አልታየም።

"ግሊሰሪን ብታመጪልኝ" አለኝ። "ጤና ጣቢያ አይጠፋም።"

ሄድኩ። ቁስል አጣቢው ድሬሰር ትንሽ ጠርሙስ እየሞላልኝ "ለማን ነው?" ሲለኝ፣ "ለወንድሜ" አልኩት። አንድ የቀበሌ ጥበቃ ቁስሉን ሊያስጠርግ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

"ወንድምሽ ሮቢት ሄዶ የለም እንዴ?"

"አዎ፣ ሮቢት ነው ያለው" አልኩ። ጠርሙሱን ግን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ይህን አልተናገርኩም። ወንድሜ ቢጫውን ቆንጥሮ ግሊሰሪኑ ውስጥ አማሰለና ብርጭቆውን ወደ ጨረሯ አስጠጋው። ጨረሯ ያለፈችበት ሁሉ እንደ ቡቃያ ጤፍ አረንጓዴ ሆኖ በራ።

"አየሽ፣ እታለም? መዞር አቅቶት እኮ ነው።"

እናታችንም ጎንበስ ብላ አየች። "ሱብሃነላህ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስሸጠው" አለች።

"ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ያኔ ብርሃኑ መቀነስ አለበት። ነገ አሙቀን እናያለን" አለ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከቀበሌ ሦስት ሰዎች መጡ። ቤታችን ሁለት ክፍል ስለነበር ብዙ አልፈለጉም። እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። ወንድሜ ጣቶቹ ቢጫ እንደሆኑ ወጣ። "እማ፣ ተነሺ" ብቻ አላት። መኪናው በጎብዬ በኩል ይዞት ሄደ። አንድ ደብዳቤ እንኳ አልመጣም።

እናቴ፣ ለቀበሌ የጠቆመችብን ጎረቤታችን ናት ብላ አመነች፤ ሴትዮዋ አንድ ቀን ከጓዳው ሳል ሰምታ ነበርና። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋን አልመለሰችላትም። ጎረቤታችን ለኢድ የላከችውን ሳህን ሳትከፍት መለሰችው። እኔ የጤና ጣቢያውን ነገር፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አደግኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ።

እናቴ የሞተች ዕለት ጎረቤታችን መጥታ፣ መግባት ፈርታ ደጃፉ ላይ ቆመች። አርጅታለች።

"ወላሂ፣ እኔ አልነበርኩም" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት።

እንዴት እንዳወቅሁ አልጠየቀችኝም። እጇን ይዤ አስገባኋት።