ሽንኩርት ሳይባል የማይዘጋው ገበያ

መጀመሪያ ይሰማ የነበረው ሳል ነው። «ክርርር… እህህ…» የሚል፣ የድምፅ ማጉያው ይሁን የሴትዮዋ ጉሮሮ የማይለይ ሳል። ያን የሰማ ሁሉ ጫማ ይዞ እንደሆነ ጫማውን፣ ድስት ይዞ እንደሆነ ድስቱን እንደያዘ ቀጥ ይላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ ነዋ! በዚያ ዘመን ከከተማው ዳር ያለው የገበያ ማዕከል ማዕከል ለመባል ገና አልደረሰም። የጭነት መኪኖች ያድሩበት በነበረ ሜዳ ላይ የተሠሩ ጥቂት ሱቆች፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ እርጥብ ሲሚንቶ የሚሸት አንድ ኮሪደር፤ ይኸው ነበር።

የሳሉ ባለቤት ከሱቆቹ በአንደኛው የልብስ ቁልፍና ክር ይሸጡ ነበር። አንድ ቀን ባላቸውን ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ቢጣሩ፣ የሕንፃው ጌታ ቢሮው ውስጥ ደንግጦ ሻዩን ጭኑ ላይ ደፋ። ሱሪውን እያራገፈ ወጣና፣ «ይህች ሴት እያለች ድምፅ ማጉያ የገዛሁት ምን ነክቶኝ ነው?» አለ። ብልህ ሰው ነበርና በማግሥቱ ማይኩን ለሳቸው ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቁት ባላቸውና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሆኑ። ለቀረው ሰው እትዬ ጉሮሮ ናቸው።

ገበያው እንደ ጎረምሳ በየዓመቱ ልብሱ እየጠበበው አደገ። ፎቅ ተደረበለት፣ በጎን ሌላ ክንፍ ወጣለት፣ ሜዳው አስፋልት ለበሰ። ተንቀሳቃሽ ደረጃ የተተከለ ሰሞን ደግሞ የሚያወጣ እንጂ የሚያወርድ ስላልነበረ፣ ለሙከራ የወጣው ሰው ሁሉ ፎቅ ላይ ተከማችቶ ቀረ። እትዬ ጉሮሮ ማይኩ ካለባት ትንሿ ክፍላቸው መስተዋት ቁልቁል እያዩ ያስተዳድሩታል።

«ባርኔጣ ያደረጉት አባቴ፣ አይሩጡ! እሱ ራሱ ይወስድዎታል። አንቺ ባለቀይ ጫማ፣ የሰውየውን ኮት ልቀቂ፤ ያንቺው ባል ከታች ቆሞ እያየሽ ነው!»

መንገድ ዘግቶ መኪና ያቆመም ቢኖር የሰሌዳ ቁጥር አይጠሩም። «ነጭ መኪናህን በር ላይ የገተርክ ልጄ፣ ቤትህም የምትተኛው እንዲሁ ተጋድመህ ነው?» ይሉታል። ባለመኪናው አንገቱን ደፍቶ እየሮጠ ይመጣል።

ባላቸው ጋሽ ፍሬን ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በመኪናቸው ሳይሆን በእግራቸው ነው፤ በየሱቁ በር ይቆማሉ። ስልካቸውንም የሚከፍቱት ራሳቸው መደወል ሲያምራቸው ብቻ ነው። ታዲያ ሚስት ምን ታድርግ? ገበያው በሰፋ ቁጥር ባል ማግኘት ከበዳቸው። ስለዚህ ማታ ማታ ማሳረጊያው እንዲህ ሆነ፦

«ክርርር… እህህ… ውድ ደንበኞች፣ ልንዘጋ ነው። አንተ ሰውዬ፣ የትም ቆመህ እንደሆነ ንቀል! ሽንኩርት ይዘህ በታችኛው በር ጠብቀኝ።»

የሰሙ ባሎች ሁሉ ነገሩ ለነሱ የተነገረ ያህል በታችኛው በር ወዳለችው አትክልት ሻጭ ይሰለፉ ጀመር። የሠፈሩ ሚስቶችም ምላሳቸውን አሳርፈው ሥራውን ለእትዬ ጉሮሮ ተዉት። እትዬ ጉሮሮ ቲማቲም ያሉ ዕለት ሠፈሩ በሙሉ ቲማቲም በላ።

ዓመታት አለፉ፤ የሕንፃው ጌታ አረጀና ልጁ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ልጁ በሕፃንነቱ እዚያው ገበያ ውስጥ ሲጠፋ ነው ያደገው። «ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ፣ አፍንጫው ያልተጠረገ ልጅ ጫማ ቤቱ ጋ ቆሟል፤ የጠፋበት ይውሰድ» እየተባለ ስንት ጊዜ በማይክ ተጠርቷል! እትዬ ጉሮሮ ይህን በፍቅር ያስታውሱታል። እሱም ያስታውሰዋል፤ በፍቅር ግን አይደለም።

አንድ ጠዋት ክራባቱን እያስተካከለ ክፍላቸው ገባ።

«እትዬ፣ ዘመኑ ተለውጧል። የተቀዳ ድምፅ አስመጥቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የርስዎ ሥራ ይህችን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። እሱም እስከ ወሩ መጨረሻ፤ ከዚያ ያርፋሉ።»

«ሽንኩርቱስ?»

«የምን ሽንኩርት? ይህ ዘመናዊ የገበያ ማዕከል ነው እንጂ የሰው ጓዳ አይደለም!»

«አይ አንተ! አፍንጫህን የጠረግሁበት መሐረብ እኮ ገና አልደረቀም።»

የሥራ አስኪያጁ ፊት እስከ ጆሮው ድረስ ደም መሰለ። ማይኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ መክፈቻውን ኪሱ ከተተ።

እትዬ ጉሮሮ በአፋቸው ቀለዱ እንጂ ሆዳቸው ባባ። ከዚህች ክፍል ከወጡ የቀረ ዕድሜያቸውን ዝም ብለው ሊኖሩ ነው፤ ዝምታ ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ አልሆነላቸውም። ቤት ገብተው ለማን ይናገሩ? ጋሽ ፍሬን እቤት ውስጥ የሚሰሙት ሬዲዮ ብቻ ነው።

ማታ ቁልፏን ተጫኑ። እንደ ማር የሚንጠባጠብ የወጣት ሴት ድምፅ፣ «የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ ማዕከላችን በቅርቡ ይዘጋል» አለ። ማንም አልተነቃነቀም።

«የሽቶ ማስታወቂያ ነው» አለ አንዱ።

ጥበቃው በሮቹን እስከ ግማሽ ቢያወርድ ሰዉ አጎንብሶ ይገባ ጀመር። ጫማ ቤት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ ጥበቃው «እናቴ፣ ተዘግቷል እኮ!» ቢላቸው፣ «ዝም በል አንተ! እትዬ ጉሮሮ ሽንኩርት ሳትል ምን መዘጋት አለ?» ብለው ሌላኛውን እግራቸውን ለልክ ዘረጉ። ጋሽ ፍሬንማ ሰዓት ቤቱ በር ላይ እንደ ቆሙ መብራት ጠፋባቸው።

በማግሥቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አትክልት ሻጯ ገዢ አጥቶ የበቀለ ሽንኩርቷን ታቅፋ የሥራ አስኪያጁ በር ላይ ተቀመጠች።

በአራተኛው ማታ እሱ ራሱ ወደ ትንሿ ክፍል መጣ። ክራባቱ ወደ ጎን ዞሯል። መሳቢያውን ከፍቶ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ግድግዳ ግድግዳውን አየ።

«ይናገሩ።»

«ምን ልበል?»

«የሚሉትን ነዋ።»

«ዘመናዊ ነገር አላውቅም፤ ንገረኝ እንጂ።»

«ሽንኩርቱን ይበሉ እትዬ!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ እጄን ገብቼ ሚስቴ አኩርፋኛለች። ማን ያስታውሰኝ?»

«እንግዲያማ የወሩ መጨረሻ የሚባለውስ ነገር?»

«የምን ወር?»

እትዬ ጉሮሮ ማይኩን በመሐረባቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

«ክርርር… እህህ…»

ከታች ገበያው ቀጥ አለ። አሮጊቷ እግራቸውን ከጫማው አወጡ።

«ውድ ደንበኞች፣ ልንዘጋ ነው። አንተ ሰውዬ፣ ከሰዓት ቤቱ ንቀል! ሽንኩርት ይዘህ በታችኛው በር ጠብቀኝ። ሰሞኑን ባዶ እጃችሁን የገባችሁም እጥፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ደግሞ ሳይበሰብስ የተረፈው ጥቂት ነው አሉ።»

ሥራ አስኪያጁ በመስተዋቱ ቁልቁል አየ። ባሎቹ ከየሱቁ እየፈለሱ ወደ አትክልት ሻጯ ይጎርፋሉ፤ ሰልፉ ተንቀሳቃሽ ደረጃው ሥር ደርሷል።

«ታዲያ ልጄ፣ የነገውን ደግሞ…» ብለው እትዬ ጉሮሮ ዘወር ቢሉ፣ ደህና እደሩ የለ፣ በሩን መዝጋት የለ፣ ክራባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ እየሮጠ ወጥቷል።