ለባዳ ሲሆን ነው የሚቆጠረው

እህቴን ሰፈሩ በሙሉ ካውያ ነው የሚላት። ዕድሜዋን ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ስትተኩስ ነው የኖረችው፣ የሆቴል አንሶላና የትራስ ልብስ። ሰው ቤት ለጥየቃ ሄዳ እንኳን የተጨማደደ መጋረጃ ካየች ጨዋታው አይጥማትም። ባሏ ቀለም ቀቢ ነበር። እኔ ግድግዳውን፣ እሷ ጨርቁን፣ ሀገሩን አስተካክለን ልንሞት ነው እያለ ያስቀን ነበር።

ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት፣ ሚጡ እንላታለን። ጭንቅላት ያላት ልጅ ናት። ተፈትና የሀብታም ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት በነጻ ገባች። እዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ዓለም አቀፍ ፕሮግራም የሚሉት አለ። ፈተናው በየሀገሩ ላለ ተማሪ አንድ ነው፣ የሚታረመውም ባሕር ማዶ ነው። ሚጡን ውጭ ያለ ዩኒቨርሲቲ እቀበላታለሁ ብሏት ነበር፣ የፕሮግራሙን ዲፕሎማ ካመጣች። እንግዲህ የቤቱ ተስፋ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ትምህርቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሌላው ቀርቶ የምታውቀውን ነገር እንዴት አወቅሽው እያለ የሚጠይቅ ትምህርት አላቸው። ካውያ ይሄን ስትሰማ፣ እኔ አባትሽን እንዲህ ብዬ ስጠይቀው ጭቅጭቅ ይባላል፣ እዚያ ሲሆን ትምህርት ሆነ ወይ አለች።

ከዚያ አባትየውን ስትሮክ መታው። መሰላል ላይ ሆኖ እንኳን አይደለም፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያስር። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ አፉም ተሳሰረ። አንድ ቃል ለማውጣት ያልበዋል። ካውያ ሥራዋን ብትተው የሚበሉት የለም፤ ስለዚህ የከሰዓት ፈረቃ ገባች። እሷ ስትወጣ ሚጡ ትገባለች። ልጅቷ አባቷን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ በማንኪያ ታጎርሳለች፣ ከዚያ አጠገቡ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታጠናለች።

ጣጣው የመጣው በአገልግሎቱ በኩል ነው። ተማሪው ማኅበረሰቡን ካላገለገለ ፈተናውን አንደኛ ቢወጣም ዲፕሎማው አይሰጠውም። ሚጡ እኔ አባቴን እያስታመምኩ ነው ብላ ተናገረች፤ አልተቀበሏትም። ካውያ እኔን አስከትላ የፕሮግራሙ አስተባባሪ ዘንድ ሄደች። ሴትየዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ወንበር ስባ አስቀመጠችን፣ ውሃም አስመጣችልን። ግን ለቤተሰብ የሚደረግ ነገር ግዴታ ነው እንጂ አገልግሎት አይባልም አለችን።

"እና ለማን ሲሆን ነው የሚቆጠረው፣ የኔ እመቤት?" አለቻት ካውያ።

"ለባዳ ሲሆን ነው እናቴ። እኔም ከብዶኝ ነው የምነግርዎት።"

ሚጡን አረጋውያን መጦሪያ ቤት መደቧት፣ ከትምህርት መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ። እዚያ ምን ትሠራለች? ሽማግሌ ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። እቤት ደግሞ አባቷን የሚያገላብጠው ጠፋ። እኔ ዳቦ ቤት ሻጭ ነኝ፣ ትንሽ ፋታ ሳገኝ እሮጣለሁ። ጎረቤቶችም አንድ ሰሞን አገዙን፤ ታዲያ ሁሉም የራሱ ኑሮ አለው። አባትየው ወገቡ ላይ ቀላ ያለ ነገር ታየ፣ ከዚያ ቆዳው ተላጠ፣ ከዚያ ቁስሉ እያደር ወደ ውስጥ ገባ። ሽታው ቤቱን ያዘው። ሚጡ ገልጣ ባየችው ቀን ቦርሳዋን ጥግ ላይ ጣለችና ፕሮግራሙን ትቻለሁ አለች።

ካውያ እግሯ ላይ ወደቀች። እናት፣ ልጇ እግር ላይ።

"ከምትተይው እኔን ቅበሪኝ" አለቻት።

እዚያው ተቃቅፈው አለቀሱ። የአባትየው እንባ ወደ ጆሮው ይወርዳል፤ በደህናው እጁ ለመጥረግ እንኳን አልሞከረም።

ይሄን ሐሳብ እንግዲህ ጭንቀት ነው ያመጣው። በማግስቱ ካውያ ዳቦ ቤት ድረስ መጥታ ባሏን መጦሪያ ቤቱ ልታስገባው እንደሆነ ነገረችኝ። ሚጡ የምታገለግለው እዚያ አይደለም ወይ? አባቷ እዚያ ከተኛ እሱንም ታገላብጠዋለች፣ አገልግሎቱም ይቆጠርላታል፣ ደንቡም አይነካም። ስታወራ ፊቷ በራ። እኔም አመንኳት፣ ምነው እስከ ዛሬ ሳናስበው ቀረን አልኩ። የመጦሪያ ቤቱን ኃላፊ ደጅ ጠንታ፣ አልቅሳ ለምና አስገባችው። ልብሱን በሙሉ ተኩሳ ነው የላከችው፣ ካልሲውን ሳይቀር።

ቅዳሜ ልንጠይቀው ሄድን። አልጋዎቹ በሁለት ረድፍ ናቸው፤ እሱ በመስኮቱ በኩል ተኝቷል። ሚጡ ያለችው ግን በወዲያኛው ረድፍ ነው፣ የማናውቀውን ሽማግሌ እግር እያጠበች። ኃላፊው አስረዳን። የልጅቷ የአባት ስምና የበሽተኛው ስም አንድ መሆኑን ትምህርት ቤቱ ደርሶበታል፤ እሱን ከነካች እስካሁን የሠራችውም ይሰረዝባታል። አባቷ የደረሰው ለሌላ ተማሪ ነው፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ላሰረች አንዲት የዋህ ልጅ።

"ይቆጠራል ብዬ ነበር እኮ" አለች ካውያ፣ ማንንም ሳታይ።

ያቺ ተማሪ አባትየውን ልታዞረው በማይታዘዘው እጁ ሳበችው። ፊቱ ጭምድድ አለ። ሚጡ ሽማግሌውን ሳትለቅ፣ "በትከሻው በኩል ያዢው፣ እጁን ያመዋል" አለቻት። ተማሪዋ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች። ታውቂዋለሽ እንዴ አለቻት ደግሞ። ሚጡ አጎንብሳ የሽማግሌውን እግር ማድረቅ ጀመረች።

የአገልግሎቷ ሰዓት ሲያልቅ እጇን ተለቃልቃ ወደ አባቷ መጣች። የጠያቂ ሰዓት የሚያልቀውም ያኔ ነው። ጥበቃው በሩ ጋ ቆሞ ቁልፉን ያንሿሿል።

"አባዬ፣ ቤታችን እንሂድ። ዲፕሎማው ይቅር" አለችው።

ካውያ አፏን ከፈተች፤ ይቅር ልትል ነው መሰለኝ። አባትየው ይታገል ጀመር። ግንባሩ በላብ ራሰ፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ተጎተተ።

"ጨ... ጨርሺ" አለ። በደህናው እጁም ደረቷን ገፋ አደረጋት።

ሚጡ ወጣች፣ ኮሪደሩን እስክትጨርስ አልዞረችም። የካውያ ፈረቃ ደርሶ ነበር፣ እሷም ተከትላት ወጣች። ፈተናው ገና ወራት ይቀረዋል። እኔ ጥበቃው ስሜን ጠርቶ እስኪያስወጣኝ ቆየሁ። አባትየው ፊቱን ወደ መስኮቱ ለማዞር ሞክሮ አቃተው፣ እኔ አዞርኩት።