ከፎቶግራፉ ሥር ያለችው ጀምበር

ከአዲስ አበባ የመጡት ፊታውራሪ ከግድግዳው ሥዕል ፊት ለፊት ቆመዋል። የሆቴሉ ባለቤት ኦቦ ገመዳ ከጎናቸው፣ አባቴ ከመሰላሉ ሥር፣ እኔ መስኮቱ አጠገብ። ጊንጪ ነው፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር።

ይህን ያስታወሰችኝ አምቦ የምታስተምረው የእህቴ ልጅ ናት። ሰሞኑን ከመጽሐፍ ላይ የድሮ የአውሮፓ ሥዕሎች አሳየችኝ፤ ተራራ፣ ውሃ፣ ጭጋግ። «እነዚህ ሰዎች ብርሃንን ለጌጥ ብቻ አይስሉትም ነበር፣ እትዬ። የምትጠልቅ ጀምበር ሞት ናት፤ ከኋላዋ የሚቀረው ብርሃን ደግሞ ተስፋ» አለችኝ። አባቴ ስለነዚያ ሰዎች ሰምቶ አያውቅም።

ሥራው የሱቅ ሰሌዳ መጻፍ ነበር። ኦቦ ገመዳ ለአዲሱ ሆቴላቸው የወንጪን ሐይቅ እንዲስል ያዘዙት እናቴ በሞተች በዓመቱ ነው። የተቀበረችው ሐይቁ መካከል ካለችው ደሴት ነበር። በጀልባ ስናሻግራት መሽቶ፣ ውሃው ጠጅ መስሎ ነበር። አባቴ ያንኑ ሰዓት ሳለው። ጀልባዋ ላይ ግን ሬሳ አላደረገም፤ ነጠላ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታን፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ ተቀምጣለች። «እየሄደች ነው እንጂ አልጠፋችም» ብሎኛል፣ ለእኔ ብቻ።

ኦቦ ገመዳ ደግሞ ለእንግዳው ክብር ብለው የጃንሆይን ፎቶግራፍ ልክ ከጀምበሯ በላይ ሰቀሉት።

«ስማ፣» አሉ ፊታውራሪው፣ «ይቺ ጀምበር ትወጣለች ወይስ ትጠልቃለች?»

«ተናገር እንጂ!» አሉ ኦቦ ገመዳ። ግንባራቸው አልቦታል።

«ትወጣለች፣ ጌታዬ» አለ አባቴ። «ማለዳ ነው።»

«ከጃንሆይ ሥር ብትጠልቅማ አንተም አብረሃት ትጠልቅ ነበር!» ፊታውራሪው ሳቁ። «ሴትዮዋስ በማለዳ ወዴት ነው?»

አባቴ ወደ እኔ አላየም። «ገበያተኛ ናት፣ ጌታዬ። ቅቤ ልትሸጥ።»

«በዚህ ፀሐይ? ቀልጦ አለቀባታ!»

ኦቦ ገመዳ ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ።

ያን ጊዜ ሰው ከዚያ ባነሰ ነገር ይታሰር እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም። ውሸቱን እችለው ነበር። ሳቁ ግን ይኸው እስከ ዛሬ፣ ብቻዬን ሆኜ ትዝ ሲለኝ እንኳ አንገቴን እደፋለሁ።

ያን ዕለት በመካከላቸው አልፌ ወጣሁ።